እናቴ እንግዳ የሆነችበት ሌሊት

ዲላ ውስጥ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውን ቤታችንን የሚያውቁት ጎረቤቶች ብቻ አይደሉም። ከጨለለቅቱ፣ ከፍስሐ ገነት በሽተኛ ይዞ የመጣ ሰው ማደሪያ ሲያጣ «መሰለች ቤት ሂድ» ይሉታል። እናቴ መሰለች የመጣውን ሁሉ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አስገብታ ታስቀምጠዋለች። ስሙን የምታውቀው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ሳሎናችን ውስጥ ፍራሽ ሳይዘረጋ ያደረበትን ሌሊት አላስታውስም።

እሷ ግን በእንግድነት አድራ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንኳ ሰላም ብላ ሳትጨርስ ወጥ ቤት ትገባለች። ስለዚህ በመምህርነት ተቀጥሬ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ለአንድ ሌሊት እንግዳ እንድትሆን። ሌላ ሰው «ግቢ፣ ተቀመጪ» ሲላት ማየት ፈለግሁ። በከተማችን ውድ ከሚባለው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት ከሆነው ሆቴል ክፍል ያዝኩላት።

«አብደሻል ሮሆቦት? አልጋ አለኝ እኮ!» አለች።

«አልጋሽን የሚያነጥፍልሽ ማነው?»

«እጄ ነዋ!»

ሳምንት ሙሉ ለመንኳት። በመጨረሻ የቤቱን ቁልፍ ለጋሽ አለባቸው ሰጥታ ተነሳች። ጋሽ አለባቸው የታመሙ ባለቤታቸውን ሊያስታምሙ ከኮቸሬ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ሲያድሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ባጃጁ ሆቴሉ በር ላይ ሲያወርደን እናቴ አንድ ዘንቢል ይዛለች። ጥበቃው ከፍቶ አየው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቡላ፣ ከጎኑ ቅቤ።

«እማማ፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«የምበላው አይደለም። ለባለቤቱ ነው።»

«ለየትኛው ባለቤት?»

«ለቤቱ ባለቤት ነዋ! ሰው ቤት ባዶ እጄን ላድር ነው?»

ጥበቃው እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ዘንቢሉ እሱ ዘንድ ቀረ። «ቅቤው ፀሐይ እንዳያገኘው፣ አደራ» አለችው።

ውስጥ እንግዳ ተቀባዩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «መታወቂያ» አለ። እናቴ እጇን ዘርግታ የነበረው ሰላም ልትለው ነበር። እጇ ጥቂት አየር ላይ ቆየና ወደ ቦርሳዋ ተመለሰ። ሊፍቱ ስለማይሠራ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣን። ቧንቧውን ስከፍተው እንደ ሽማግሌ ሳለና ዝም አለ። ከመስኮቱ ሥር ጄኔሬተር ይጮሃል። ትራሱ ላይ የማናውቀው ሰው ፀጉር ነበር፤ እናቴ እኔ እንዳላይ ብላ ቶሎ አነሳችው።

ከዚያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው፣ እማዬ?»

«መጥተው ሰላም ይሉን የለ?»

«እዚህ ማንም አይመጣም።»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። ትንሽ እንያቸው።»

አንድ ሰዓት ጠበቀች። እኔ ልቤ አልችል ሲል አቤቱታዬን በየደረጃው እያጠናሁ ወረድኩ። ውሃ የለም፣ ሊፍት የለም፣ እናቴን ማንም አላናገራትም ልል ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ቀና ብሎ «ችግር አለ?» ሲለኝ ግን «የለም» ብዬ ተመለስኩ። እራት ላይም የቀዘቀዘ ዓሣ ያመጣችልን አስተናጋጅ «ሁሉ ደህና ነው?» ስትል፣ እናቴ ፈገግ ብላ «ደህና ነው ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አለቻት።

ጠዋት ስነቃ አልጋዋን አንጥፋ ለባብሳ ተቀምጣለች።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና! ምንም አልጎደለኝም።»

ይህን ስትለኝ አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ ገባት መሰለኝ፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እውነቱን ልንገርሽ? ውሃ ጠምቶኝ ነው ያደርኩት። ማንን እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ሰው ከማስቸግር ብዬ ዝም አልኩ።» እንባዬን በነጠላዋ ጠረገችልኝና ድንገት እጇን አቆመች። «ሮሆቦት፣ እኛ ቤት የሚያድሩት ሁሉ ጠዋት ጠዋት እንዲህ አይደል የሚሉኝ? ‹ምንም አልጎደለኝም› ይላሉ። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ሳይጎድልበት ቀረ?»

ቁርሱን አልጠበቀችም። ጥበቃው ዘንቢሉን ሲያቀብላት «አደራዬን የጠበቅኸው አንተ ነህ፤ ያንተ ነው» አለችው። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

ቤት ስንደርስ ጋሽ አለባቸው ግቢ እየጠረጉ ነበር።

«ጋሽ አለባቸው፣ እኔ ቤት ምን ጎደለብዎት?»

«ኧረ ምንም! ጌታ ይባርክሽ።»

«እንደሱ አይበሉኝ። እኔም ዛሬ ጠዋት እንደዚሁ ብያለሁ፤ ውሸቴን ነው።»

ሽማግሌው መጥረጊያቸውን ተደግፈው አሰቡ። «ልናገር?»

«ይናገሩ።»

«ታንኮራፊያለሽ። ግድግዳው ስስ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተኛሁት ትናንት ብቻ ነው።»

እናቴ አፏን ያዘች፤ ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ። አጥሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ!»

«የምታንኮራፊው ደክሞሽ ነው። የደከመን ሰው ምን ይሉታል?» መጥረጊያውን አስቀመጡ። «ግቢ አሁን። ጎመን ሠርቻለሁ። ቆጮውንም ራሴ ጋግሬዋለሁ፤ እንዳትስቂብኝ።»

እናቴ በልማዷ ወደ ወጥ ቤት አቀናች። ጋሽ አለባቸው ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተቀመጪ» አሉ።

እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ጀርባዋን ሶፋው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ሽማግሌው ሳህኑን ፊቷ አስቀምጠው እስክትቀምስ ጠበቁ።

«እንዴት ነው?»

«አርሯል» አለች እናቴ አፏ እንደሞላ። «ይጨምሩልኝ።»