የአዴ መርየማ አማና

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላውን ኃጢአት ስዘረዝር ይህቺን ዘልያት አልፋለሁ። ድመት ናት ብዬ? ውሸቴን ነው፤ የድመት ነገር ብቻ ቢሆንማ እስካሁን በረሳሁት።

በጃንሆይ ጊዜ ባሌ ጸሐፊ ሆኖ አሰላ ሲመደብ የአዴ መርየማ ጎረቤት ሆንን። አዴ ባላቸው ሞቷል፣ ልጅም የላቸው። አብራቸው የምትኖር ነፍስ አንዲት ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ አሮጊት ድመት ነበረች። ዓይናቸው ሲደክም የወንድማቸው ልጅ ወደ ሁሩታ ሊወስዳቸው መጣ፤ ሚስቱ ግን ድመት ቤቴ አትገባም አለች።

"ልጄ፣ አማና ነው፤ እስክመለስ ያዢልኝ" ብለው ጭኔ ላይ አስቀመጧት። አማና እኛ አደራ የምንለው ነው፤ አውቀዋለሁ። "ኧረ አያስቡ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት!" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጥርስ የላት፣ አይጥ አትይዝ። ገብሱ ላይ ትሸናለች። ቀኑን ሙሉ የተዘጋው የአዴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጮኻለች። ሰለቸኝ። ጆንያ ውስጥ ከተትኳትና መመለሻው እንዲጠፋት፣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ጆንያውን አዙሬ አዙሬ እህል ሊጭን ዲክሲስ ለሚወጣ መኪና ሰጠሁ። እኔ ነኝ አፉን ያሰርኩት፣ በገዛ እጄ። የዚያን አገር ብርድ ሳላውቀው ቀርቼ ነው?

አዴ በመጣ ነጋዴ ሁሉ ያስጠይቃሉ። "ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፍራለች" ብዬ እልካለሁ። ምን ዓይነት ምላስ ነው የፈጠረብኝ?

በኋላ ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቶ፣ በቤቴ ልሙት ብለው ተመለሱ። ገና ሳይቀመጡ "የታለች?" አሉኝ። ሞተች ብል ምን ነበረበት? ከታች ሰፈር የሰው ድመት አፈፍ አድርጌ መጣሁና ጭናቸው ላይ አኖርኩ። ወይ ድፍረቴ!

ጀርባዋን ዳበሷት። ጣታቸው ግራ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሙሉ ጆሮ ነበር።

"አላህ ይስጥሽ ልጄ" አሉ። "ይቺን ግን ቶሎ መልሻት፤ ባለቤቷ ይጨነቃል።"

እስኪሞቱ ስለ ድመታቸው አላነሱብኝ። ምነው በረገሙኝ! እኔም እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አላልኩም፤ ድመቷን አቅፌ ወጣሁ። እናንተም አሁን እግዜር ይቅር ይበልሽ አትበሉኝ። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እኔም ጎረቤታቸው ሆኜ ሳልጠይቃቸው ቀበርኳቸው።