አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ

አሜሪካ፣ ሎረንስቪል ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ ተሰቅላለች። ኤችኦኤ የሚባለው የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ከቤት ፊት ልብስ ማስጣት አይፈቅድም። ልጄ ሜሮን፣ "አባዬ፣ ላይክ፣ ፋይን ያደርጉናል" እያለች በቅጣት ታስፈራራኛለች። እኔ ግን ይቺን ነጠላ ባየሁ ቁጥር አፍንጫዬን የሳሙና፣ የተጠበሰ ዓሣና የባሕር ጨው ሽታ ይሞላዋል፤ ናፖሊ እገባለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ የአሜሪካ ወረቀታችን እስኪያልቅ፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ከትዕግስት ጋር ናፖሊ አሮጌው ከተማ ውስጥ እንኖር ነበር። መንገዶቹ ከመጥበባቸው የተነሳ ድመት እንኳ መመለስ ስትፈልግ በቂጧ ነበር የምትሄደው። ሰማይ የሚባለው የመቀነት ስፋት ብቻ ነበረው፤ እሱንም የሰው አንሶላና የውስጥ ሱሪ ይሸፍነዋል። እኔና ትዕግስት በጠቆሩት የድንጋይ ደረጃዎች ስንወጣ ስንወርድ፣ ፀሐይ ከተፈጠረች ጀምሮ ያልገባችባቸውን ግቢዎች ስንበረብር እንውላለን። እኔ አሳሽ፣ እሷ ስንቅ ተሸካሚ ነበረች፤ ስንቁ ዳቦ ስለሆነ ግን መንገድ ላይ ሸክሟን ታቀለዋለች።

እናቴ የመንገድ ስም ብትነግረን የምንይዝ አልነበርንም። ስለዚህ ነጠላዋን በረንዳችን ላይ ትሰቅልና "እሷ ከማትታይበት እንዳታልፉ" ትለናለች። በዚያ ሁሉ አንሶላ መሃል አረንጓዴ ጥለት የኛ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ባሕሩ ዳር ያለውን የድሮ ግንብ እንይ ብዬ ትዕግስትን ይዣት አለፍኩ። ስንመለስ መንገዱ ጠፋን፤ ቅያሱ ሁሉ አንድ ሆነብን። ትዕግስት አለቀሰች። እኔ እንኳ አላለቀስኩም፤ ዓይኔን ነው ያላበኝ። ድንገት ቀና ስል ነጠላችን! ደረጃውን በሩጫ ወጥተን በሩን ስንደበድብ፣ የኮሎኔል ፂም ያላት አሮጊት ከፈተችልን። ቤታችንን የነጠቀችን መስሎኝ "እናቴን የት አደረግሻት?" ብዬ አፈጠጥኩባት።

በእጃችን ነጠላዋን ስናሳያት ነገሩ ገባት። ለካ ንፋስ ከገመዳችን ወስዶ መንገድ ላይ ጥሏት፣ አሮጊቷ አንስታ፣ አጥባ፣ ባለቤቷ እንድታያት ሰቅላት ኖሯል። "ማንጃ፣ ማንጃ"፣ ብሉ ብሉ እያለች ፓስታ ፊታችን ከመረች። ፓስታው የትዕግስትን ለቅሶ አስቆመ፤ የኔን የዓይን ላብ ግን አላደረቀም። እናቴ ያለንበትን በምን ታውቃለች?

ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። ልጆቿን ፍለጋ አንገቷን ወደ ላይ አንጋጣ ስትዞር የዋለችው እናቴ፣ ነጠላዋን አይታ ነው የመጣችው። ፊቷ አመድ መስሏል። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ጥፋቱስ እህትህን ላንተ አደራ የሰጠሁት የኔ ነው" ብላ ጆሮዬን ያዘችው። እስከ ዛሬ ግራ ጆሮዬ ከቀኙ ይረዝማል። ከዚያ ከአሮጊቷ ጋር ተቃቀፉ፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በጣልያንኛ እያለቀሱ ሳይግባቡ በሁሉም ነገር ተስማሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ነጠላዋን መርከብ በሚጎትት ድርብ ቋጠሮ ማሰር ጀመረች።

ዛሬ እናቴ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰብዲቪዥን የሚሉት የዛሬው ሰፈራችን የናፖሊ ተቃራኒ ነው፤ መንገዱ አውሮፕላን ያሳርፋል፣ ቤቶቹ ግን ሁሉም መንትያ ናቸው። በቅርቡ ወክ ልታደርግ፣ እግሯን ልታፍታታ ወጥታ ቀረች። መኪና ይዤ ስፈልጋት የማናውቀው ሰው ደረጃ ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት። "እናንተ ናችሁ ቤቱን ያዛወራችሁት" አለችኝ። ሳቅኩ፤ ዓይኔን ግን እንደ ናፖሊው አላበኝ።

ሜሮን "ኪሷ ውስጥ ትራከር እናድርግላት" አለች፤ አደረግን። ትራከሩ ግን እሷ የት እንዳለች ለኛ ነው የሚናገረው፤ ቤቷ የት እንደሆነ ለእሷ አይነግራትም። ነጠላዋን ከሻንጣ አውጥቼ ሰቀልኳት።

አሁን ከወክ ስትመለስ በመስኮት አያታለሁ። ግንባሯን በእጇ ጋርዳ ቀና ብላ ትፈልጋለች፤ ያኔ ቀና ብዬ የምፈልገው እኔ ነበርኩ። ጥለቷን ስታይ እርምጃዋ ዘና ይላል። በረንዳው ላይ ስትደርስ ግን ዝም ብላ አትገባም። ያሰርኩትን ቋጠሮ ሳብ ሳብ ታደርገዋለች፤ አላምነው ስትል ፈትታ፣ እንደገና በድርብ ታስረዋለች።