የአጋዘኖቹ አጥር

ጠዋት ለልጆቼ አጃ ባፈላሁ ቁጥር የአጎቴ ፒክአፕ ትዝ ይለኛል። ከኋላ የተጫነው የአጃ ከረጢት ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባ ነበር። እኔ በአባቴና በአጎቴ መሀል ተሰንጌ፣ እግሬ ማርሹን እንዳይነካ ሰብስቤ እቀመጣለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ካናዳ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ነበር። አባቴ ኤርፖርት በጽዳት ይሠራል። አጎቴ ተስፋዬ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ምድር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ካናዳ እንደመጣ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፈው እኛ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር፤ ከአባቴ ጋር ካርታ ሲጫወቱ ሳቃቸው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። በኋላ ተስፋዬ ጴንጤ ሆነ። እሱስ ባልከፋ፤ የታናሽ ወንድሜ ክርስትና ዕለት ቀረ። አባቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ የቄስ ልጅ ነውና ይህን መዋጥ አቃተው። አጎቴም ያጠፋው ነገር አልታየውም። ዓመት ሙሉ ተኮራርፈው እናቴ በመሀላቸው ስትቃጠል ከረመች።

ያገናኘቻቸውም እሷው ናት። ከአባቴ ጋር ትሠራ የነበረች ዶሪስ የምትባል ጡረተኛ ከከተማው በስተምሥራቅ መሬት ነበራት። በብርድ ወራት ለአጋዘኖች አጃ የምታደርግበትን የእንጨት ገንዳ መስኩ ላይ አቁማ፣ የገዛ ላሞቿ እየገለበጡ እየበሉባት ተቸገረች። አባቴ ደግሞ አፉን ሞልቶ "አጥር እኔ እሠራልሻለሁ፤ አጥር ስሠራ ነው ያደግኩት" ብሏት መጣ። መኪናችን ግን እንኳን እንጨት፣ እኛንም በግድ ነበር የምትሸከመው። እናቴ ስልኩን አነሳችና "ተስፍሽ፣ ቅዳሜ ፒክአፕህን ይዘህ ና" አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። የአባቴ እንግሊዝኛ ለኤርፖርቱ ቢበቃም ለዶሪስ የጥድፊያ አነጋገር አይበቃም ብላ እኔን በአስተርጓሚነት ላከችኝ።

እኔ ግን ያስተረጎምኩት በአብዛኛው ከአማርኛ ወደ አማርኛ ነው።

"ለአጎትሽ ንገሪው፤ ቋሚው ተጣሟል" ይላል አባቴ፣ አጎቴ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሞ።

"አጎቴ፣ ተጣሟል ይልሃል።"

"አልተጣመመም በያቸው። አንገታቸውን ያዘነበሉት እሳቸው ናቸው።" በዚያ ሁሉ ኩርፊያ መሀል አንቱታውን አልተወም።

በዚህ ሁኔታ አጥሩ ቆመ። ደግሞ ምን የመሰለ አጥር! ከአባቴ ቁመት የሚበልጥ፣ ሳንቃው ከሳንቃው የተጣበቀ፣ ገንዳውን እንደ ሽንት ቤት ግጥም አድርጎ የከበበ። ዶሪስ ዳሌዋን ያማት ስለነበር መስኩ ድረስ አትመጣም ነበር። ሥራው ሲያልቅ በከዘራ መጥታ ዙሪያውን ዞረችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ራቅ ብለው ሁለት አጋዘኖች ቆመው ያዩናል።

"ላሞቹስ አይገቡም። አጋዘኖቹ በምን ይገባሉ፣ በመሰላል?" አለች፤ አስተረጎምኩ። ላም እንደማትዘል፣ አጋዘን ግን እንደምትዘል፣ ስለዚህ አጥሩ ከወገብ መብለጥ እንደሌለበት አስረዳችን። ደግሞ ሰፊ ይሁን አለች። አጋዘን ዘላ የምትወጣበት ቦታ ካልታያት ዘላ አትገባም።

አባቴ አጥሩን አየ፤ ከዚያ አጎቴን አየ። "አንተ ተስፋዬ!" አለው በቀጥታ፣ ከዓመት በኋላ። "የጅብ አጥር እኮ ነው የሠራነው!"

አጎቴ ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ሳቀ። "ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኮ ይጥበቅ ያሉት።"

"አንተስ አፍ የለህም?"

"በአስተርጓሚ ነዋ የምንነጋገረው!"

አፍርሶ እንደገና መሥራቱ ሌሎች ቅዳሜዎች ወሰደ። እነዚያን ቅዳሜዎች መልሰው ቢሰጡኝ ሌላ አልጠይቅም ነበር። ከድሮው አጥር ያንን የተጨቃጨቁበትን የማዕዘን ቋሚ ብቻ አሳጥረው በቦታው ተዉት፤ ሌላውን እየነቀሉ ራቅ አድርገው ተከሉት። የምስማሩን ቆርቆሮ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። የጽጌ ጾም ገብቶ አባቴ ይጾማል፤ አጎቴም ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ሥጋ ያለበትን ሳንድዊች ይበላ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ለሦስታችንም የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አወጣ። "ቤት ሥጋ አልቆ ነው" አለ። ውሸቱን መሆኑ ለእኔ እንኳ ገብቶኛል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን የማያልቅ ጸሎቱን ጀመረ፤ አባቴም ዳቦውን እንደያዘ ጠበቀውና አብሮት አሜን አለ።

ስለ ክርስትናው ግን አንዳቸውም አላነሱም። በመጨረሻው ቅዳሜ አባቴ መዶሻውን አስቀመጠና "ስማ ተስፋዬ፣ ያን ዕለት እኮ…" ብሎ ጀመረ። አጎቴ እጁ ላይ ያለውን ምስማር ሳይመታ ቀና አለ። አባቴ ሰማዩን አየ፤ ጠቁሮ ነበር። "በል በረዶው ሳይመጣ እንጨርስ። ኋላ እናወራለን" አለ።

ጨረስነው። ጋቢና ውስጥ ሆነን ስንጠብቅ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አንዲት አጋዘን መጣች። አጥሩን አሸተተች፤ ወደ ኋላ አለች፤ ከዚያ ሳትነካው ዘላ ገባች። ላሞቹ አንገታቸውን አስግገው ውጭ ቀሩ። አባቴ የአጎቴን ጉልበት በመዳፉ መታው። እኔ "ጨረስን! ጨረስን!" እያልኩ ጮህኩ። ምን እንደጨረስን አላወቅኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡትሴን አድርጌ በር ላይ ተቀመጥኩ። "ሥራው አለቀ እኮ፣ ልጄ" አለኝ አባቴ። ተስፋዬ ታናሽ ነውና እሱ ይደውል ብሎ ጠበቀ። አጎቴ ደግሞ ወሬውን የጀመሩት እሳቸው ናቸው፣ ሲፈልጉ ይጠሩኛል ይል ነበር፤ ይህንን እናቴ በኋላ ነው የነገረችኝ። ሁለቱም ሺፍት በሺፍት ላይ ይደርቡ ነበር፤ ያለ ምክንያት ሰው ቤት መሄድ ቀርቷል። በረዶው ሳይቀልጥ አጎቴ ፎርት መክመሪ የሚባል ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር በእናቴ በኩል "ሰላም በይልኝ" ብቻ ሆነ። ዓመታት አለፉና እዚያው ታሞ ሞተ። በቀብሩ ዕለት አባቴ የአጎቴ ቸርች የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሲነሣ እየተነሣ፣ እስኪያልቅ ቆየ።

ዛሬ በእኔ ቤት ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ትሪ ላይ ይበላል። ልጆቼም ማንም ከማንም በዚህ ተኳርፎ አያዩም። ያኔ ግን ያችን አንዲት ወሬ ለመጨረስ ሌላ አጥር ያስፈልገን ነበር፤ ሌላ አጥር የሚያሠራን ደግሞ አልነበረም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባለፈው መስከረም አባቴን ወደዚያ ወሰድኩት። ዶሪስ ካረፈች ቆይታለች፤ መሬቱን ልጇ ይዛዋለች። ገንዳው የለም። አጥሩ ግን ግማሹ ወድቆ ግማሹ ቆሟል። አባቴ ከዘራውን እየተመረኮዘ የማዕዘኑ ቋሚ ጋ ደረሰና እጁን ጫነበት።

"በረዶው እኮ ያን ቀን አልጣለም" አለ። "ምን አስቸኮለን?"

ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቋሚውን ከላይ እስከ ታች ለካው። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣

"ለአጎትሽ ንገሪው" አለ፣ "አልተጣመመም።"