የእትዬ አጸደ የክርስትና ስም

በአዋሽ የሸንኮራ እርሻ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የነበሩት እትዬ አጸደ፣ ለሕክምና በሄዱበት ሰመራ ማረፋቸውን የሰማነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አስከሬናቸው በገዋኔ በኩል ሲመጣ ባልደረቦቻቸው አስፋልቱ ዳር ቆመን ተቀበልን።

ለማያውቋቸው ልንገር። ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ ካርድ ሊያወጣ ሲመጣ፣ ስሙንና ዕድሜውን ከመዘገቡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የክርስትና ስሙን ይጠይቁት ነበር። ያንን የሚጽፉት በራሳቸው ደብተር ላይ ነው። ወባው ሰው ይጥላል፤ ቄሱም ፍትሐት ሲያደርሱ ሟቹን የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው። «ከአገሩ የራቀ ሰው ቢያንስ በስሙ ይሸኝ» ይሉ ነበር። ስንቱን ወጣት በዚያ ደብተር ሸኘን!

እኔን ሥራ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ስሜ መቅደስ መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ። እናታቸውን ለቅዳሴ ሄደው ምጥ የያዛቸው ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ስለነበር፣ አባታቸው አጸደ እንዳሏቸው አጫወቱኝና፣ «አንቺ ከውስጥ፣ እኔ ከቅጥሩ፤ አንድ ቄስ ቢጨመርልን ደብር ነን» አሉኝ። ሲሞቱም እዚያው አጸድ፣ ከእናታቸው አጠገብ መቀበር ይመኙ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ወደ አገራቸው የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ እዚሁ አዋሽ ቀበርናቸው።

ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። የእኔ አለ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ አለ፣ የእርሳቸው የለም። ልጅ አልወለዱም፤ የዘመዶቻቸውም ስልክ አልሠራ አለን። ቄሱም «እርሱ ያውቃቸዋል» ብለው አጸደ እያሉ ጸሎቱን ቀጠሉ። የክሊኒኩ ዘበኛ አቶ ሁመድ፣ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፣ ከዳር ቆመው «የሁሉን ስም ይዛ፣ የእሷን ማን ያዘላት?» አሉ።

ይህን የምታነቡ ወዳጆቻቸው ሆይ፣ ከአፋቸው የሰማችሁ ካላችሁ አርባቸው ሳይደርስ ወደ ክሊኒኩ ላኩልን። እለምናችኋለሁ።

እትዬ፣ የእኔን የጠየቁኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር። እኔ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬዎት በልቼ አንድ ቀን አልጠየቅኩዎትም። እርስዎ የሚሞቱ አልመሰለኝም። ይቅር ይበሉኝ፤ አፈሩ ይቅለልዎት። በደብተርዎ መጨረሻ መስመር ላይ አጸደ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከጎኑ ያለውን ቦታ ባዶውን ትቼልዎታለሁ።