ለእህቴ መንገር ያቃተኝ የኪራይ ቤት

እንግሊዝ አገር እህት ያለው ሰው እንግሊዝ አገር ቤት አይከራይም። ይህ የትም አልተጻፈም፤ መጻፍም አያስፈልገው። ዘመድ እያለሽ በኪራይ ቤት ካደርሽ ወይ ተጣልታችኋል፣ ወይ ንቀሻታል፣ ወይ እሷ በሯን ዘግታብሻለች፤ ሌላ ምክንያት ብትደረድሪ ሰሚ የለሽም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ፣ አሜሪካ፣ ባልድዊን ሂልስ ያለው ሳሎናችን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ዶርሴት በሚባል የእንግሊዝ ገጠር፣ ከባሕሩ በእግር የሚደረስ ቤት የያዝኩት። ልጆቹ ትምህርት ሳይከፍቱ፣ ፍልሰታም ሳትገባ እንድንመለስ ብዬ የሐምሌን መጨረሻ መረጥኩ።

ባሌ የተቃወመው ጣሪያውን ነበር።

«ሶ፣ ሳር ቤት ነው?» አለ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያሰፋ። «ሰው ከሳር ቤት ወጥቶ አሜሪካ ይገባል እንጂ፣ ከአሜሪካ ተነስቶ ሳር ቤት ይገባል?»

«ቡክ አድርጌዋለሁ» አልኩት። አዲስ አበባ ቆርቆሮ ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ በዕድሜው አንድ ቀን ሳር ቤት አላደረም። ሲናገር ግን ጭሱ ዓይኑን ያጠፋው ይመስላል።

ቀጥሎ ያሳሰበው መንዳቱ ነው። እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ታክሲ ነድቷል፤ በግራ በኩል ድራይቭ አድርግ ሲባል ግን ሐሞቱ ፈሰሰ። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ስወጣ በቆመችው መኪናችን ውስጥ፣ መሪ በሌለበት ወንበር ተቀምጦ በባዶ እጁ አየር ሲያዞር አገኘሁት። ለሴቶቹ ልጆቼ የዝናብ ጃኬት ስገዛ ደግሞ የምቀልድ መሰላቸው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወር ዝናብ ሲዘንብ አይተው አያውቁም።

እህቴ ለምን አታሳርፋችሁም ለሚለኝ መልሱ ይኸው፤ ታሳርፈናለች። ችግሩም እሱ ነው። ከዚህ በፊት ለንደን ስሄድ ከሶፋዋ ሳልነሳ ተመለስኩ። ጠዋት ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፣ ከሰዓት የጠየቁኝን ልጠይቅ እሄዳለሁ፣ ማታ «ምነው አልበላሽም» ይባላል። እንግሊዝን ያየሁት በእህቴ ወጥ ቤት መስኮት ነው፤ እሱም የጎረቤትን ግድግዳ ነው የሚያሳየው። አሁን ልጆቼ አረንጓዴ ኮረብታ ላይ እንዲሮጡ፣ ባሕሩ ሲሸሽና ሲመለስ እንዲያዩ ፈልጌ ነበር።

ግን እህቴ ዝም ብላ እህት አይደለችም። እናታችን የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ አጥባ፣ አጉርሳ፣ ገርፋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷን ማስቀየም ለእኔ እናትን ማስቀየም ነው። በሥራ ቦታዬ ምላሰኛ የምባል ሴት ነኝ፤ አለቃዬ እንኳ ሲያዘኝ በልመና ነው። እህቴ ስልኩን ስታነሳ ግን ምላሴ ይታሰራል። በሐምሌ እንደምንመጣ ነግሬያታለሁ። የት እንደምናርፍ መናገሩን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ። እሷም በየሳምንቱ ትዘግብልኛለች፤ ፍራሽ ተውሳለች፣ ለበርበሬው ሰው ልካለች፣ ለባሌ ደግሞ ሶፋዋን በአዲስ ጨርቅ አልብሳለች። «እሺ እትዬ» እላለሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ባሌ ላይ እጮሃለሁ።

እሱም አላረፈም። የሳር ቤቱን ቀልድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ላልሰማው ሁሉ አሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ፌርፋክስ ላይ የተወራ ነገር ለንደን ለመድረስ የአውሮፕላን ቲኬት አያስፈልገውም። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው ደግሞ አለቀልኝ።

«ሽማግሌ እንላክባት» አለኝ ባሌ። መጀመሪያ ሳቅኩበት። ከዚያ ሳስበው አልከፋኝም።

ሽማግሌው አባታችንን የሚያውቁ፣ እህቴም የምትፈራቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። በእኛ ማኅበር ሁለት ሥራ አላቸው፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ መርዶም ያረዳሉ። እኔ የፈለግኳቸው ለመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛውን ጭራሽ አላሰብኩትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ካለ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝናቸው። በልተው እጃቸውን ታጠቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን ስፒከር ላይ አድርገው ጠረጴዛው መሃል አስቀመጡት። ለንደን መሸት ብሏል። እህቴ ድምፃቸውን ስትሰማ ደስ አላት።

«ጋሼ! እንደምን ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።» በረጅሙ ተነፈሱ። «ቤት ውስጥ ማን አለ? ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

የመርዶ አነጋገር መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስልኩን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ፤ ጋሼ ግን ታገሺ በሚል ዓይን አዩኝ። ሥራቸውን ያውቁበታላ።

«እንግዲህ ሁሉም ነገር ለበጎ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የደወልኩልሽ የእህትሽን ነገር...»

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት ሁለተኛ መስማት አልፈልግም። «ወይኔ ልጄን!» ነው ያለችው። እህቴን አላለችም። ስልኩ ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማ። እኛ ባለንበት ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳያውቁ፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

ስልኩን ነጠቅኳቸው። «እትዬ! እኔ ነኝ! አለሁ!» አትሰማም። «እትዬ፣ አልሞትኩም! ቤት ተከራይቼ ነው!» ብዬ በሙሉ ጉሮሮዬ ጮኽኩ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ቀስ ብዬ ልነግራት ነበር እኮ» አሉ ጋሼ፣ ተቀይመው።

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። «ማነሽ?» አለች እህቴ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ልጆቹስ?»

«እቤት ናቸው። ደህና ናቸው።»

«ባልሽስ?»

«ይኸው፣ እየበላ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም። በሐምሌ አንቺ ጋ አናርፍም። ባሕር አጠገብ ቤት ተከራይቻለሁ። እሱን እንዲነግሩሽ ነው።»

ከዚያ «ተመስገን! ተመስገን!» ማለት ጀመረች፤ እያለቀሰች፣ መሃል ላይ እየሳቀች፣ እኔንም ባሌንም ዘር ሳታስቀር እየሰደበች። ስድቧ እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። አጠገባችን ያሉት እናት እንባቸውን ጠርገው «እንኳን ተረፈ» አሉና ወደ ምግባቸው ተመለሱ። እኔ ከወር በላይ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ለቀቀኝና፣ ስልኩን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

እግረኛው መንገድ ላይ ቆሜ ቅያሜውን ጠበቅኩ። አሁን ይመጣል አልኩ።

«ስንት ክፍል አለው?» አለችኝ።

«ሦስት መኝታ ቤት።»

«እናንተ አንዱን፣ ልጆቹ አንዱን። ሦስተኛውስ?»

«ባዶ ነው።»

«ምን ባዶ ነው! እኔ እመጣለኋ።» ከዚያም በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። በየዓመቱ የሥራ ፈቃዷን የምትወስደው እንግዳ ልትቀበል ነው፤ ከቶሮንቶ፣ ከዋሽንግተን፣ ከአዲስ አበባ የማይመጣ የለም። ሁሉንም ቤተ መንግሥቱ በር ድረስ ወስዳ ፎቶ አንስታ፣ ተመልሳ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ባሕሩን ያየሁት ከአውሮፕላን ላይ ነው፤ እሱንም ደመና ሸፍኖት ነበር። ፍራሹን ዛሬውኑ እመልሳለሁ፤ እሱን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ወገቤን ልሰበር ነበር።»

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው? «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ቤቴ አትምጡ ልበል? ነውር አይደለም?»

እኔም የፈራሁት ያንኑ ነውር ነው።

«ግን ስሚ» አለች፣ ድምፅዋን እንደ ድሮው አጠንክራ። «እዚያ ቤት እንግዳዋ እኔ ነኝ። ወጥ ቤት አልገባም።»

«አትገቢም። ቁርስሽን አልጋሽ ድረስ ነው የማመጣልሽ። ምን ልሥራልሽ? ምን ትወጃለሽ?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እትዬ?»

«አለሁ» አለች። «እያሰብኩ ነው። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»