ለእናቴ የተከራየናት ካትካት

እናቴ በደወሌ ድንበር በኩል በሌሊት አውቶቡስ ከድሬዳዋ የመጣች ጊዜ፣ እኔንና ልጆቼን ስማ ሳትጨርስ «ባሕሩን ታሳዩኛላችሁ» አለች። እየጠየቀች አልነበረም። የትኛውን ባሕር እንደሆነ እኔም አልጠየቅኳትም። ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ አንድ የሚባል ሰፈር ካለው ቤታችን ትንሽ በእግር ቢሄዱ ባሕር አለ፤ እሷ የምትለው ግን ከከተማው ርቆ በሰሜን ያለውን የኦቦክን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ወደ የመን ልሻገር ብሎ የሄደው በዚያ በኩል ነው።

ወንድሜ ከጠፋ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከዚሁ ከተማ ነው፤ አርሂባ የሚባል ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ። «ማታ መኪና ትመጣልናለች፣ ሰፊ ናት፣ አታስቡ» አለ። ያኔ እኔ ገና ድሬ ነበርኩ፤ አግብቼ ጅቡቲ የመጣሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ከመንገድ የተመለሰ አንድ የሰፈር ልጅ፣ ደላሎች ባሕሩ ዳር ሰው ይዘው ያግታሉ ብሎ ለእናቴ አወራላት፤ እሷም ያንን ወሬ እንደ ምርኩዝ ይዛ ቀረች። ልጄ ተይዟል እንጂ አልሞተም፣ የታሰረ ደግሞ ይፈታል አለች። አጎቶቼ ሸህ ይዘው መጥተው፣ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት እናሰግድለት ሲሏት ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው። እኛ ቤት እናት እሺ ሳትል ለልጇ ለቅሶ አይቀመጡም።

እኔ ግን ሞቷል ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሌሊት ብቻዬን አልቅሼለታለሁ። ያልተለቀሰ ለቅሶ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በእናቴ አይቻለሁ። ሰርግ አትሄድም፣ ሐዘን ቤት አትሄድም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ያ የታመመ ጉልበቷ እያለ ከሁላችንም ቀድማ ትነሳለች። ኦቦክ ወስደናት የውሃውን ማዶ ካየች፣ ልጄ እዚያ ነው ብላ እስክትሞት ድረስ ስትጠብቅ የምትኖር መሰለኝ። ከምንም በላይ የፈራሁት ይህን ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁላችንም ስለ ሽርሽር አወራን። ዓሣ እንበላለን፣ ልጆቹ ይዋኛሉ፣ ሲመቸን ደግሞ ተራራው ላይ አርታ ወጥተን ቀዝቃዛ አየር እንቀበላለን ተባለ። ታክሲ ኦቦክ አይሄድም። ጀልባ አለ ብላት እናቴ ውሃ ላይ አልወጣም አለች። ስለዚህ ካትካት ያስፈልገናል ተባለ፤ እዚህ አገር በአራቱም ጎማ የምትጎትት ጉልበታም መኪናን በፈረንሳይኛው እንዲህ ነው የሚሏት። እኛ መኪና ኖሮን አያውቅም፣ ተከራይተንም አናውቅም። ባሌ የትራንዚት ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ሲመኝ የኖረውን በአማቱ አሳብቦ ሊያገኝ ነውና ፊቱ ሲበራ ዋለ። አማቱ አገሯ እስክትመለስ ድረስ በወር ኪራይ እንያዝ አለ።

የአከራዩ ግቢ አምቡሊ ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ። በጠዋት ሄድን፤ ቀትር ላይ ጫት ከገባ በኋላ በዚህ ከተማ ውል የሚፈርም ሰው አይገኝም። አከራዩ ልጅነቱን ድሬ ያሳለፈ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከእኛው አማርኛ አንድ ነው፣ አንቱ የሚባል ነገር የማያውቅ። እናቴን ሶማሌዎች እናት በሚሉበት ቃል «ሆዮ» እያለ ወንበር አመጣላት። አልተቀመጠችም።

ባሌ ሞተር አስከፈተ፣ ጎማ ረገጠ፣ ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ አየ። በሬ የሚገዛ ሰው መሰለ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ ሱሪውን እያራገፈ፤ ምን እንዳየ ብጠይቀው ግን አያውቅም። እኔ የልጆቹን ወንበር፣ የበሩን መቆለፊያና የአየር ማቀዝቀዣውን ፈተሽኩ። እናቴ የምትፈትሸው ሌላ ነበር። እያንዳንዱ መኪና ውስጥ እየገባች ሻንጣ ከሚጫንበት አጠገብ ያለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ትወርዳለች። አከራዩ ምቾት የምትለካ መስሎት «እዚያ ልጆች ናቸው የሚቀመጡት ሆዮ፣ አንቺ ከፊት ነሽ» አላት። እኔ ግን የምትለካው ምን እንደሆነ አውቄ ነበርና ወደ ሌላ በኩል ዞርኩ። እኔም ይህን ከተማ ከረገጥኩ ጀምሮ ባለፈ መኪና ሁሉ የኋላ መስኮት ስመለከት ነው የኖርኩት።

ባሌ ነጯን አዲሷን ወደዳት። እናቴ መውጣት አቃታት፤ ከፍታዋ ለጉልበቷ አልሆነም። አጥሩ ጥግ አንዲት አሸዋማ ቀለም ያላት፣ ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት የተገጠመላት፣ በጎኗ መረገጫ ያላት አሮጌ ቆማ ነበር። አከራዩ እናቴ ወደዚያ ስታይ ቀድሞ ደረሰ።

«አቦ፣ ይቺማ ወላሂ የቤተሰብ መኪና ናት። ሰባት ሰው ትይዛለች። የኦቦክን መንገድ ደግሞ ያለ ሾፌር ትሄዳለች፣ ዕድሜዋን እዚያ ነው የጨረሰችው» ብሎ ሳቀ።

«ሰው ስታመላልስ?» አለች እናቴ።

ሳቁን ተወው። ድሬ ያደገ ሰው ነው፣ ለምን እንደጠየቀችው ገባው። «ከእኔ በፊት ነው ሆዮ። እኔ ከጨረታ ነው የገዛኋት። ምን ታመላልስ እንደነበር ማን ያውቃል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ይቺን» አለች እናቴ።

ባሌ እኔን አየኝ። ነጯን እንውሰድና መረገጫ እናስገጥምላት ልለው ነበር፤ እናቴ ግን ገብታ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ውሉ ተፈረመ። አከራዩ ቁልፉን ሲሰጠን አንድ ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀን። መንገድ ላይ ሰው እንዳትጭኑ፣ በተለይ የእናንተን አገር ልጆች፤ ፖሊስ ካገኘ መኪናዋ ትወረሳለች፣ ሾፌሩ ይታሰራል አለ። ባሌ ጅቡቲ የሚኖረው በሥራ ፈቃድ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ልቡ ውስጥ ገባ።

ደህና መኪና ነበረች፣ ውሸት አልናገርም። ልጆቹ ወደዷት። እኔ ግን አልለመድኳትም። አሸዋና የሰው ላብ ትሸታለች፤ በሳሙና አጠብኳት፣ ሽታው አልለቀቀም። የባሰው ሌላ ነው። በአርሂባ በኩል ስናልፍ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ የአገሬ ልጆች እኛን ሲያዩ ብድግ ይላሉ። አንድ ቀን ሁለቱ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ትንሽ ተከተሉን። ባሌ ከሌላ ሰው ጋር አምታተውን ነው አለ። እናቴ ከኋላ ወንበሯ ዞራ እስኪርቁ አየቻቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፣ ጉልበቷን አጥፋ፤ ልጆቹ ከፊቷ ናቸው።

ወደ ኦቦክ የወጣነው በአንድ ዓርብ ጠዋት ነው። ወደ ጨው ሐይቁ የሚገነጠለውን መንገድ አልፈን፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የሚታይበት ቦታ ስንደርስ ትንሹ ልጄ ሽንቴ መጣ አለ። ቆምን። እኔና ልጁ እንደወረድን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጥላ ሥር ሰዎች ተነሡ። ሰባት ስምንት ይሆናሉ፣ ሁሉም ወጣቶች፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። አልፈሩም፣ አልለመኑም። ሲጠብቁት የነበረው እንደመጣላቸው ሰው ረጋ ብለው መጡ፤ ከፊት የነበረው ወጣት በስተኋላ ያለውን በር ራሱ ከፈተው።

እናቴን አገኛት። ትንሽ ደንገጥ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እማማ፣ እርስዎም ሊሻገሩ ነው?» አላት።

የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። አላሾፈም። ፊቱን ሳየው ከልቡ ነው የጠየቃት፤ አዝኖላታል።

እናቴ መልሳ ጠየቀችው። «ይቺ መኪና ላይ ግቡ ያላችሁ ማነው?»

«ምልክቷን ነግረውናል። አሸዋ የመሰለች፣ ላይዋ ላይ ብረት ያላት፣ ስትቆም ግቡ ተባልን።»

«ያስገደደህ ሰው አለ ልጄ?»

«ማን ያስገድደኛል እማማ?» ፈገግ አለ። «ለምኜ ነው እንጂ። ስንት አገር በእግሬ መጥቼ፣ አሁን እሷን ሳያት እኮ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።»

ባሌ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ሳይዞር ተናገረ። «ውረድ ወንድሜ። የቤተሰብ መኪና ናት፣ እናንተ የምትጠብቋት አይደለችም።» ወጣቱ ወዲያው ለመውጣት ያነሣውን እግሩን መልሶ መሬት አደረገና ይቅርታ ጠየቀ። የነበረንን ውሃ ሁሉ፣ ለባሕሩ ዳር የያዝነውን ዳቦና ተምር አወረድንላቸው። «ታዲያ የእኛዋ ትመጣለች?» አለ ወጣቱ። ባሌ ሞተሩን አስነሣ።

ተነሥተን ሄድን። አንድ ዳገት እንደወጣን እናቴ ከኋላ «መልሰኝ» አለች።

«ባሕሩን ሳታዪ?» አለ ባሌ።

«ባሕሩ ምን ያደርግልኛል።» ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። «ልጄን ነጥቀው የወሰዱት መስሎኝ ነበር። በግድ የተወሰደ ሰው ስልክ ይነጠቃል፣ አፉ ይታፈናል፣ ለዚያ ነው የማይደውለው እል ነበር። ለካ እንዲህ ደስ ብሎት ነው የገባው። ደስ ብሎት የሄደ ልጅ፣ በሕይወት ቢኖር ለእኔ ሳይደውል ስድስት ዓመት አይቀመጥም። ሞቷል ልጄ። ለአጎቶችሽ ደውይላቸው፣ ሶላቱን ያሰግዱለት።»

ስንት ዘመን ስመኘው የኖርኩትን ቃል ስሰማው ግን፣ እየጠበቀች ብትኖር ይሻል ነበር አልኩ፤ ያን ሰዓት ከልቤ እንዲህ አልኩ። ባሌ መኪናዋን አዞረ። ሌላ መንገድ የለም፣ በመጣንበት ነው የምንመለሰው።

ከሩቅ አዩን። ዳቦውን ገና እየተካፈሉ ነበር፤ ትተውት ብድግ ብድግ አሉ፣ ፌስታሎቻቸውን አነሡ፣ መንገዱ ዳር ተሰለፉ። አሁን የመጣችው የእነሱዋ መስላቸዋለች። ባሌ አልቆመም፣ ዝግ ብሎ አለፈ። ያ ልጅ በኋላው መስኮት እናቴን ሲያያት ለየን፤ ፌስታሉን መልሶ መሬት አስቀመጠና በደህና ግቡ ብሎ እጁን አነሣላት። ያኔ እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ ወንድሜን በስሙ እየጠራች አለቀሰች።