የተደፈነው ምድጃ

ጎባ ያለው መሥሪያ ቤታችን የጠቅላይ ግዛት ዘመን ሕንፃ ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ወለሉ የጽድ ሳንቃ፣ መስኮቶቹ ጠባብ። የሠራው ሰው ብርድን ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት ግን «ዘመናዊ ዋና መሥሪያ ቤት ይሁን» ተባለና ዘመናዊነትን የሚያስረዳን መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣልን። በሐምሌ፣ በስስ ሸሚዝ። በማግስቱ ጋቢዬን ተዋሰ።

እኔ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበርኩ። ፋይሎቹ የሚቀመጡት ከትልቁ ምድጃ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። በወጣትነታቸው ተቀጥረው እዚያው የሸበቱት ጥበቃ ክረምት በገባ ቁጥር ጠዋት ጠዋት እንጨት ይማግዱበታል። የሚማግዱት ለእኛ ይመስለኝ ነበር።

መሐንዲሱ ምድጃውን አይቶ አፍንጫውን ያዘ። «ይደፈን። ከፊት ለፊት ሙሉ መስታወት እናደርጋለን፤ ሰው ከውጭ ሆኖ አሠራራችሁን ይይ» አለ። አሠራራችንን አለማየት ለሰው እረፍት እንደነበር ማን ይንገረው?

ጥበቃው ለብቻዬ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ተው። ወረቀቱ ይበርደዋል። ያኖረው ኢቢዳው ነው፣ እሳቱ» አሉኝ።

«ወረቀት ደግሞ ይበርደዋል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባቸው። መሐንዲሱም ሳቀ፣ የእኔን ጋቢ እንደለበሰ።

ምድጃው የሚደፈነው የክፍሉ ኃላፊ «አገልግሎት አይሰጥም» ብሎ ሲጽፍ ነው። ጻፍኩ። እሳት የማንደድ ሥራቸው ስለቀረ የደብዳቤው ግልባጭ በጥበቃው ፋይል ገባ። በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፤ ምድጃው በነበረበት ቦታ ቀይ አምፑል የሚበራበት የእሳት ሥዕል ተሰቀለ፤ አጨበጨብን። ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ።

ፋይሎቹ ወደ መስታወቱ ጥግ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ መንገደኛ ሲያየን አፈርንና መጋረጃ ጋረድንበት። መስታወት በጎባ ብርድ ያልበዋል። ውኃው ከመጋረጃው ኋላ በመደርደሪያው ላይ ሲወርድ ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ፤ ገልጦ ያየ የለም። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚባለው ለእኛ ነው።

ባለፈው መስከረም ጥበቃው ጡረታቸው ደርሶ መጡ።

«አካም ቡልተ፣ ልጄ? የቅጥር ደብዳቤዬን አውጣልኝ።»

ሌላ ቅጂ የለውም፤ ያኔ በዚሁ ሕንፃ የቀጠራቸው መሥሪያ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል። ያ ደብዳቤ ከሌለ የወጣትነት አገልግሎታቸው እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ፋይሉን ሳነሣው ከበደኝ። ወረቀቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ስገልጠው ጉርድ ፎቷቸው ፊቱን በላዩ በተጣበቀው ወረቀት ላይ ትቶ ተላጠ። የቅጥር ደብዳቤው ሰማያዊ እድፍ ብቻ ሆኗል። እንዲህ ያለ እፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም።

የሚነበብ አንድ ወረቀት ብቻ ተረፈ፤ በፕሪንተር የታተመ ስለነበር ቀለሙ አልለቀቀም።

«ተመስገን፣ እሱ ደኅና ነው» አሉ እጄ ላይ እያዩ። «መነጽሬን አልያዝኩም። ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው። «ምድጃው ምንም ዓይነት አገልግሎት የማይሰጥ መሆኑን እናረጋግጣለን።»

ከታች ያለውን ስም ግን ዘለልኩት።